ዋንጫ የመጠበቅ መብት

«አንች ማትሪክ ስትወድቂ ማን ስብሰባ ጠራብሽ?»

ይህን ያለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከቀበሌ አዳራሽ እንደተመለስን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሸራ ጫማውን ማሰሪያ እየፈታ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት ጩኸት መመለስ እችልበታለሁ። እናታችን እራቱን አቅርባ አጠገቡ ቆማ ነበር። ማትሪክ መውደቄን በዚያ ቤት ውስጥ ስሙን ጠርቶ ያነሳ ሰው እስከዚያን ቀን አልነበረም። «ውጤቱ» ይባል ነበር፣ «ያ ነገር» ይባል ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝም ይባል ነበር።

ወንድሜ የመተማ ቡድን በረኛ ነበር። ነበር የምለው የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በስብሰባ፣ በሩን ስለተቀማ ነው። ለመቀማቱ ደግሞ የእኔ አፍ አለበት።

ከኳስ ውጭ ሥራው ልብስ ሰፊነት ነው። ሐጂ በምንላቸው ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእሳቸው የስፌት መኪና፣ የቀን ሠራተኞች የቀደዱትን ሱሪ ይጠግናል፣ ጆንያ ይሰፋል። ሰው ከሐጂ ጋር ሲያወራ በወንድሜ ራስ ላይ አሻግሮ ነው የሚያወራው፤ እንደ በረንዳው ምሰሶ ነው የሚያየው። እሁድ በር ላይ ሲቆም ግን ያው ሰው «የኛ ልጅ፣ የኛ ልጅ» ይለዋል። የበረኛ ማሊያ ስላልነበረን የራሱን ከጥቁር ቴትሮን ጨርቅ ሰፍቶ ነበር። ሜዳችን ደረቅ ሲሆን እንደ ድንጋይ ስለሚፈገፍግ ሁለቱም ክርኑ ላይ ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ስፖንጅ አስገብቶበታል። እሁድ ማታ ራሱ ያጥበዋል። ለእናታችንም ለእኔም አይሰጥም። ሰው ሁሉ አንድ የሚኮራበት ነገር ያስፈልገዋል ቢሉኝ የወንድሜ ያ ማሊያ ነበር፤ ሌላ አልነበረውም።

ቡድኑ ራሱ ምን ዓይነት ቡድን እንደነበር ልናገር። ሁለት አስተማሪዎች፣ አንድ የትራክተር ረዳት፣ ወንድሜ፤ የቀሩት ለአረምና ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። አጥቂያችን ማን እንደሆነ የምናውቀው ሸሕዲ ከተማ ላይ ሠራተኛ ከመኪና ሲራገፍ ነበር። አስተማሪው አምበላችን እዚያ ሄዶ ቆሞ እግር እግራቸውን ያያል። አጨዳ ሲሆን አጥቂ ይኖረናል፤ አጨዳው ሲያልቅ አጥቂያችን አገሩ ይገባል። አንዴ የግራ ክንፋችን ኮኪት አጠገብ ካለ ማሳ ሳይመጣ ቀርቶ ጨዋታውን በአሥር ሰው ጀምረነዋል። የሰሊጡ ራስ ሊፈነዳ ደርሶ ኖሮ አሠሪው አልለቅም አለው። ሰሊጥ አንድ ቀን ካሳደሩት መሬት ላይ ይረግፋል፣ ማንንም አይጠብቅም። እኛ ግን ከነዚህ ልጆች ዋንጫ እንጠብቅ ነበር።

ለምን እንደጠበቅን ሳስበው ያሳፍረኛል። አገራችን ላይ ስንጫወት ማንም አሸንፎን አያውቅም። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይናገረውም። እርስ በርሳችን ስንጫወት በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከደጋ እንግዳ ቡድን ሲመጣ ግን በስምንት ሰዓት ነው የምናጫውተው። ስምንት ሰዓት ላይ መተማ ውስጥ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። በዚያ ላይ እንግዳ አክባሪዎች ነን አይደል፤ ከጨዋታው በፊት ፍየል አርደን፣ «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ፣ ይህችን ብቻ» እያልን እስኪነፉ እናጎርሳቸዋለን። እነዚያ የደጋ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ሲወጡ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ ሙቀቱ ከሥር ይመጣል። ከእረፍት በኋላ አንዱ ይቀመጣል፣ አንዱ ያስመልሰዋል፣ አንዱ ኳሱን ትቶ ወደ ውሃው በርሜል ይሮጣል። ያኔ እኛ ሦስት አራት እናገባለን። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ከሴቱም ከወንዱም በላይ እጮሃለሁ። ድምፄ ትልቅ ነው። እልልታዬ ሱዳን ይሰማል ብለው ይቀልዱብኛል፤ ቀልዱ ደስ ይለኝ ነበር።

የእኔ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ጎንደር ዘመድ ቤት ተቀምጬ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ። መተማ «ከእኛም አንዲት ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባች» ለማለት ተዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሐጂ ለድግሱ ብለው ስኳር በከረጢት ልከው ነበር። ውጤቱ መጣ፤ ድግስ የለም። እናቴ ስኳሩን ልትመልስ ብትሄድ «የሰጠሁትን አልቀበልም» አሏት። ስንት ወር በዚያ ስኳር ሻይ እንደጠጣን እኔ ነኝ የማውቀው። መንገድ ላይ ሰው ሲያየኝ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ሰበር አድርጎ «አይዞሽ» ይለኛል። ምን አድርጌ ነው የምጽናናው? አንድ ፈተና ነው የወደቅኩት፤ የሞተብኝ ሰው የለም። ግን እነሱ የጠበቁትን ስላላመጣሁላቸው እንደ በደለኛ እሄድ ነበር፣ በጓሮ በጓሮ።

ቡድኑ ጎንደር ላይ ለሚደረገው የክፍለ ሀገሩ ዋንጫ ፍጻሜ ሲያልፍ ይህ ሁሉ ቆመ። ሰው ሌላ ወሬ አገኘ። ዋንጫው የት እንደሚቀመጥ ክርክር ተነሳ፤ አስተዳደሩ ቢሮ የሚሉ አሉ፣ ትምህርት ቤት የሚሉ አሉ። ለእኔ «አይዞሽ» የሚለኝ ጠፋ። ዋንጫው ቢመጣ ከነአካቴው ይረሱኛል ብዬ አሰብኩ። እውነቱ ይህ ነው፤ ስለ ኳስ አልነበረም። ወንድሜን በየቀኑ «ይዘኸው ካልመጣህ እዚህ ቤት አትግባ» እለው ነበር። ይስቃል። አንድ ቀን ብቻ፣ ማሊያውን እያጣጠፈ፣ «ጎንደር ይበርዳል ይላሉ፣ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ከተማ ነው፤ በጠዋት ብዕር መያዝ ስንት ቀን እንዳቃተኝ አውቃለሁ። «በረኛ ነህ ወይስ ሽማግሌ?» አልኩት።

ወደ ጎንደር ሰሊጥ በሚጭን መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሄዱ። ጨዋታው እሁድ ነበር። ስልክ ያለው አስተዳደሩ ቢሮ ብቻ ነው፣ እሱም እሁድ ይዘጋል፣ ሰኞ ደግሞ መስመሩ ተቆርጦ ውጤቱን የሰማ አልነበረም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ሥራ ፈትቶ መንገድ ዳር ወጣ። ሥጋ ሻጩ፣ ፍየሎቹን ሁሉ የሚያርድልን እሱ ነው፣ ሰንጋ አስሮ ይጠባበቃል።

መኪናው ከሩቅ ታየ። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ቅጠል ለብሶ፣ ክላክሱን ሳያቋርጥ እየነፋ። በእኛ አገር በቅጠል አጊጦ ክላክስ እየነፋ የሚመጣ መኪና ወይ ሙሽራ ይዟል ወይ ድል ይዟል። ማንንም አልጠበቅሁም፤ እልልታውን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ሕዝቡ ተቀበለኝ፣ ከበሮ ወጣ፣ ወንዶቹ መሀል መንገድ ገብተው መጨፈር ጀመሩ። የመኪናው ክላክስ ግን ባሰበት። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ እጁን ያወናጭፋል፣ እኛ ደስ ብሎት ነው አልን። ፍሬኑ ከሸሕዲ ጀምሮ ደክሞበት ነበር። ሰዉን ለማስለቀቅ ነበር የሚነፋው። በመጨረሻ መሪውን ወደ ዳር ሰብሮ የማሽላ አገዳ ክምር ውስጥ ገብቶ ቆመ፣ አገዳው እላያችን ላይ ተበተነ። ቅጠሉም የድል ቅጠል አልነበረም። ባዶ መኪና ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ልጆቹ ለጥላ የሰበሩት ቅርንጫፍ ነው።

ከቅጠሉ ሥር አንድ በአንድ ወረዱ። ከበሮው ገና አልቆመም፤ ከኋላ ያሉት አላዩም። ወንድሜ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። እኔ ፊት ለፊቱ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ፣ እልልታው ግማሽ ላይ ነው። አየኝና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። አንድ ሽማግሌ ቀርበው «እና ዋንጫው ከኋላ ነው?» ብለው ጠየቁ። አምበላችን «አምስት ለባዶ ነው አባቴ» አላቸው። ሽማግሌው «ለማን?» አሉ።

ሐጂ ከሱቃቸው ወጡ። «ማሌሽ» አሉ፣ «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ልጆች ናቸው። ውሃ ስጧቸው።» ከዚያ ሁሉ ሰው ውሃ ያሰበ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሥጋ ሻጩ ሰንጋውን ፈትቶ ወደ ቤቱ ይጎትተው ጀመር፤ በሬው እምቢ አለ፣ መሀል መንገድ ላይ ተገትሮ ቆመ። ሳቅ የለም። ማንም ሰው ማንንም ማየት አልፈለገም።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እንረሳው ነበር። ግን ያፈረ ሕዝብ ሀፍረቱን የሚያሸክመው ሰው ይፈልጋል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ለዚህ የተዘጋጀ ሥርዓት ነበረ፣ ሂስና ግለ ሂስ ይባላል። የቀበሌው ሊቀመንበር ቡድኑን ለስብሰባ ጠራ። ቆርቆሮው አዳራሽ ጢም አለ። ተጫዋቾቹ ከፊት አግዳሚ ላይ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ተቀመጡ፣ ሰርቆ እንደተያዘ ሰው።

መጀመሪያ ሥጋ ሻጩ ተነሳ። ፍየሉን ያረድን እኛ፣ የጮህን እኛ፣ መንገድ ላይ የተዋረድን እኛ፤ እነሱ ምን አደረጉ የሚል ነበር ንግግሩ። ተጨበጨበለት። አምበሉ ብልህ ሰው ነው፤ ስለ ንቃት ጉድለት፣ ስለ ዲሲፕሊን መላላት እንደ ጋዜጣ አነበነበና ተቀመጠ። ነፃ ወጣ። ከዚያ ወንድሜ ቆመ።

«ግለ ሂስህን አድርግ» አለው ሊቀመንበሩ።

ወንድሜ የለበሰውን ማሊያ እጅጌ ሰበሰበ። «ጥፋቴ ፀሐይዋን ይዣት አለመሄዴ ነው» አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ወዲያው ዋጠው። ሊቀመንበሩ አልገባንም አለ።

«እዚህ የምታሸንፍልን እሷ ናት ማለቴ ነው፣ ጓድ። ጎንደር ላይ በጠዋት በአንድ ሰዓት ነው ያጫወቱን፣ ጤዛው ሳይረግፍ። ኳሱን አየሁት። ጣቶቼ ግን አልታጠፉልኝም። በርዶኝ ነበር።»

በርዶኝ ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሥጋ ሻጩ ግን አልሳቀም፤ በጠዋት መጫወታቸውን ሲሰማ ደሙ ፈላ። እንግዳን ሆን ብሎ በብርድ ማጫወት ምን ዓይነት ተንኮል ነው፣ እነዚህ ሰዎች እግዜርን አይፈሩም ወይ እያለ ከጎኑ ላለው ሰው ያማርር ነበር። ከልቡ ነው። እጁ ላይ የስንቱ የስምንት ሰዓት ፍየል ደም አለ፣ ግን ከልቡ ነው።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ሲያዞር እኔ ላይ አረፈ። «የተማረችው እኅቱ ከሕዝቡ ወገን አስተያየት ትስጥ» አለ።

ተነሳሁ። ውስጤ ምን ነበር? ወንድሜ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በረደኝ ማለቱ አሳፍሮኛል። መኪናው ፊት እልል ማለቴ አሳፍሮኛል። ጠዋት ጎንደር እንዴት እንደሚበርድ እያወቅሁ ሳልነግረው መቅረቴ አሳፍሮኛል። ይህ ሁሉ ተደራርቦ አፌ ላይ የመጣው ሌላ ሆነ።

«ሕዝቡ ዋንጫ የመጠበቅ መብት አለው» አልኩ። «ብርድ ምክንያት አይሆንም።»

ተጨበጨበ። ብዙ ተጨበጨበ። ከማትሪኩ ወዲህ ሰው ሲያጨበጭብልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ እንዳለኝ አልክድም፤ እስክቀመጥ ድረስ ደስ ብሎኛል። ስቀመጥ ሊቀመንበሩ «በትክክል ተናግራለች» አለና በረኛው ከዛሬ ጀምሮ እንዲቀየር፣ ማሊያውን እንዲያስረክብ ተወሰነ አለ። ወንድሜ ማሊያውን ለብሶት ነበር የመጣው። አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ በካናቴራ ወደ ቤት ሄደ። እኔ ከኋላው ሄድኩ። ከዚያ ጫማውን እየፈታ ያለኝን አለኝ።

ማግስቱን ወደ ሊቀመንበሩ ሄድኩ። ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ይቀየር አላልኩም አልኩት። ሻዩን እየጠጣ፣ አንች ያልሽው መርሁን ነው፣ ተግባሩ የእኛ ነው አለኝ። እንዲያው ከሆነ የጨዋታ ሰዓት ለምን አይቀየርም፣ እንግዳውን በአሥራ አንድ እናጫውት፣ ያኔ ምን ያህል ቡድን እንዳለን እንወቅ አልኩ። ሳቀ። «እህ፣ ልንሸነፍ?» አለኝ።

አዲሱ በረኛ ኬላ ጠባቂ ሚሊሻ ነው፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ። ማሊያው አልገባውም። ስለዚህ ይዞት ወደ ሐጂ በረንዳ መጣ፣ ሌላ ልብስ ሰፊ በቅርብ የለማ። ወንድሜ ለካው። እጁን አንሳ አለው፣ ትከሻውን፣ ደረቱን ለካ። ጎንና ጎኑን ተርትሮ ሌላ ጥቁር ጨርቅ ጨመረበት። እኔ ምሳውን ይዤለት ሄጄ ቆሜ አየሁ። ሚሊሻው ደግ ሰው ነው፣ ነገሩ ከብዶታል፤ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ አልጠየቅኋቸውም» ይለዋል። ወንድሜ ክሩን በጥርሱ በጥሶ «ስፖንጁን አልነካሁትም፣ ክርንህን ይጠብቅልሃል» አለው። ምሳውን ከእጄ ሳይቀበል ወንበሩ ላይ አኑሪው አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በእናታችን በኩል ሆነ። «ውሃ አለ ወይ በያት»፣ «አለ በይው»። እናቴ አንድ ቀን ሰለቻትና፣ እኔ ስልክ አይደለሁም ብላ ወጥታ ሄደች።

ስለ ነገሩ ብዙ አሰብኩ። ደጋፊ ተስፋ አያድርግ ማለት አልችልም። ተስፋ የማያደርግ ሰው በስምንት ሰዓት ፀሐይ ምን ሊያደርግ ይወጣል። ግን የእኛው ነገር ተስፋ አልነበረም። ያልዘራነውን ማሳ አጭደው እንዲያመጡልን ነበር የምንጠብቀው፣ ሳያመጡ ሲቀሩ ደግሞ አግዳሚ ላይ አሰለፍናቸው። እኔን ማንም አላሰለፈኝም። ስኳሩን እንኳ መልሰው አልተቀበሉኝም። ይህን ለወንድሜ ልነግረው ስንት ጊዜ ወደ በረንዳው ሄጄ ክር ገዝቼ ተመለስኩ።

የካቲት ላይ ሌላ የደጋ ቡድን መጣ። ፍየሉ ታረደ፣ ብሉ ተባሉ፣ በሉ። ሰዓቱ ስምንት ሆነ። ቡድኖቹ ሜዳ ሲገቡ ሚሊሻው የለም፤ ጠዋት ለግዳጅ ተጠርቶ ወደ ድንበሩ ሄዷል፣ ማሊያውን ለአምበሉ ትቶለት። በረኛ የለንም። ዳኛው ሰዓቱን ያያል። ወንድሜ ከግራሩ ሥር፣ ከሰው መሀል፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ከስብሰባው ወዲህ ሜዳ ሲመጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። እኔ ሁልጊዜ የምቆምበት ቦታ ላይ፣ ከበሩ ጀርባ ነኝ።

አምበሉ ማሊያውን ይዞ ወደ እሱ ሮጠ። ሊቀመንበሩም ከወንበሩ ተነስቶ ሄደ። ሰዉ ዙሪያውን ከበበው፤ የኛ ልጅ፣ እባክህ፣ ያለፈው አለፈ ይሉታል። ወንድሜ ማሊያውን ተቀብሎ ክርኑን በጣቱ ጫን ጫን አደረገው፣ ስፖንጁ እንዳለ ለማየት ይመስለኛል። ከዚያ የሆነ ነገር ተናገረ። ሰዎቹ ዘወር ብለው ወደ እኔ አዩ።

አምበሉ ወደ እኔ መጣ። ላብ በላብ ነው፣ ዓይኔን ማየት አልቻለም። «እኅቴ» አለኝ፣ «እንዴት ልበልሽ…»

«በለኝ» አልኩት።

«እሷ ከበሩ ጀርባ ካለች አልገባም አለ።»

ከግራሩ ሥር ወንድሜ አሁንም ማሊያውን በእጁ ይዞ ቆሟል፣ አልለበሰውም። ሲያየኝ አየሁት። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት ሲያየኝ ነው። የነጠላዬን ጫፍ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ በሰዉ መሀል አለፍኩ። አንዲት ጎረቤታችን እጄን ይዛ «ወዴት ነው አንች፣ ሊጀመር እኮ ነው» አለችኝ። እጄን አስለቅቄ ወደ መንገዱ ወጣሁ። የጥላ ዘር የለም፣ አፈሩ በጫማዬ ሥር ይጋረፋል። የሐጂን ሱቅ ሳልፍ ፊሽካው ተነፋ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ ሕዝቡ «የኛ ልጅ!» እያለ ጮኸ። ዞሬ አላየሁም፣ መንገዴን ቀጠልኩ።